ሊኑክስ ጭነህ ላፕቶፑ አርማው ላይ ስታክ ካደረገ፣ ለፎርማት አትቸኩል

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔ ላይ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ ጫንኩ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ነው፣ ተጨማሪ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ አለው። ከፍላሽ ሳስነሳው የመጀመሪያው ምርጫ ጥቁር ስክሪን ስላመጣብኝ ሁለተኛውን መርጬ ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለችግር ተጫነ። ሪስታርት ሳደርገው ግን የኡቡንቱ አርማ ይመጣና እዚያው ስታክ ያደርጋል። ማውሱም አይንቀሳቀስም። ሁሌ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ ነው የማጠፋው። ዊንዶውስ ግን በደንብ ይነሳል። ኡቡንቱን እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። በሌላ ፍላሽ ልሞክር ወይስ ላፕቶፑ ሊኑክስ አይቀበልም?»

ምላሽ፦

ፍላሹን ተወው። ላፕቶፑም ሊኑክስ አልቀበልም አላለም። እንዲያውም የመልሱ ግማሽ ራስህ ጥያቄ ውስጥ አለ፤ «የመጀመሪያው ምርጫ ጥቁር ስክሪን ስላመጣብኝ ሁለተኛውን መርጬ ገባሁ» ያልከው ላይ።

ያ ሁለተኛ ምርጫ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚባለው ነው። ከመጀመሪያው የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዘው የሊኑክስ እምብርት፣ የግራፊክስ ካርዱን እንዳይነካካ ይነግረዋል። አንተ በዚያ በኩል ስለገባህ ሠራልህ፣ ጫንከው። ሃርድ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው ሲስተም ግን የሚነሳው እንደ መጀመሪያው ምርጫ ነው። ካርዱን ለመቆጣጠር ይሞክራል፣ እዚያው ላይ ይቀራል። ከፍላሽ ያየኸው ጥቁር ስክሪንና አሁን የምታየው የቆመ አርማ ምንጫቸው አንድ የመሆኑ ዕድል በጣም ሰፊ ነው።

እንደገና መጫኑ ያልረዳህም ለዚህ ነው። አሥር ጊዜ ብትጭነው ያንኑ ከርነልና ያንኑ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ነው መልሰህ የምታስቀምጠው። «አልነሳ አለ፣ ፎርማት አድርገው» የሚል ምክር ብዙ ትሰማለህ፤ ሊኑክስ ላይ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው አማራጭ ነው መሆን ያለበት።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ትዕዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው። አንተ ስትተይብ ግን ሁሉንም በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ጻፋቸው። ስህተት ሊመጣባቸው የሚችሉትን ፊደል በፊደል እዘረዝርልሃለሁ።

የቆመው ማን ነው?

ኮምፒውተር ሲነሳ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መጀመሪያ የቦርዱ ሶፍትዌር፣ ማለትም ባዮስ ወይም በአዲሶቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ፣ ይነሳል። እሱ ግራብን ይጠራል፤ ዊንዶውስ ወይስ ኡቡንቱ ብሎ የሚያስመርጥህ ሜኑ ማለት ነው። ግራብ ከርነሉን ራም ላይ ጭኖ ይለቀዋል። ከርነሉ ሃርድዌሩን ይለይና ሲስተምዲ ለሚባለው ፕሮግራም ያስረክባል፣ ሲስተምዲ ደግሞ ሌሎቹን አገልግሎቶች አንድ በአንድ አስነስቶ በመጨረሻ የመግቢያውን ገጽ ያመጣል። አንተ አርማውን ማየት ከቻልክ ባዮሱም ግራቡም ሥራቸውን ጨርሰዋል። ስለዚህ ግራብን እንደገና ጫን የሚልህ ሰው ካለ አትስማው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ዊንዶውስ በደንብ መነሳቱም ትልቅ ፍንጭ ነው። ራሙና ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው ለማለት አይበቃም፤ ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ግርጌ ላይ ግን ያስቀምጣቸዋል።

አሁን ስታክ ሲያደርግ ከማጥፋትህ በፊት የካፕስ ሎክን ቁልፍ ተጫን። መብራቱ በርቶ ከጠፋ ከርነሉ በሕይወት አለ፤ የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ኮንትሮልና ኦልትን ይዘህ ኤፍ 3ን ተጫን። በጥቁር ስክሪን ላይ ስምህን የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣልህ ግማሹን መንገድ ሄደሃል፣ ከዚያው ሆነህ ድራይቨር መጫን ትችላለህ። የካፕስ ሎክ መብራት ራሱ ብልጭ ድርግም ካለ ከርነሉ ፓኒክ አድርጓል፣ ሊያልፈው የማይችል ስህተት ገጥሞት ቆሟል ማለት ነው። ምንም መልስ ከሌለው ማሽኑ ከነአካቴው ደርቋል። የኤንቪዲያ ችግር ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚህ በመጨረሻው መልክ ነው፣ አንተም የገለጽከው ይህንን ይመስላል።

ጥፋቱ የማን ነው ካልክ፣ ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2009 አካባቢ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የስክሪኑን መጠን የሚወስነውና ካርዱን የሚያዘው ራሱ ከርነሉ ሆኗል፤ ማሽኑ ገና ሲነሳ ማለት ነው። ለኤንቪዲያ ካርዶች ይህንን የሚሠራው ኑቮ የሚባል ድራይቨር ነው፣ በ2010 ከርነሉ ውስጥ ገባ። የኑቮ ሠሪዎች ድራይቨሩን የጻፉት በአብዛኛው ያለ ኩባንያው ሰነድ ነው፤ ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ ከውጭ እየተመለከቱ፣ እየገመቱ፣ እየሞከሩ። ከ2014 ወዲህ የወጡ ካርዶች ደግሞ ኩባንያው የፈረመበት ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ሶፍትዌር፣ ካልተሰጣቸው በቅጡ አይታዘዙም። ከዚህ ሁሉ ጋር በብዙ ካርድ ላይ መሥራቱ ነው የሚገርመኝ። ባንዳንዱ ላይ ግን፣ በተለይ ሁለት ግራፊክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ፣ ካርዱን ሊቀሰቅስ ሲሞክር ማሽኑን ይዞት ይቆማል።

ለጊዜው መግባት

አሁን ወደ ሥራው። ላፕቶፑን አስነሳና የግራብ ሜኑ ላይ ቁም። ሜኑው ካልመጣልህ በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ የአምራቹ አርማ እንደጠፋ ኢስኬፕን አንዴ ንካ፤ በአሮጌ ባዮስ ላይ ሺፍትን ተጭነህ ያዝ። ኢስኬፕን ደጋግመህ ከነካህ «ግራብ» የሚል ጥቁር የጽሑፍ ስክሪን ላይ ይጥልሃል። አትደንግጥ፣ «ኖርማል» ብለህ ጽፈህ ኢንተር ስትል ወደ ሜኑው ይመልስሃል።

«ኡቡንቱ» የሚለው መስመር ላይ ሆነህ የኢ ፊደልን ተጫን። ብዙ ጽሑፍ ይመጣል። ከመካከሉ «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልግ፤ ረጅሙ ነው፣ መጨረሻው አካባቢ «ኳየት ስፕላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። ሁለቱንም አጥፋቸው። ሥራቸው የከርነሉን መልእክቶች ደብቆ ቆንጆ አርማ ማሳየት ነው፤ አሁን የምንፈልገው መልእክቶቹን ነው። በእነሱ ቦታ «ኖሞድሴት» ብለህ ጻፍ፦ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ፤ ሁሉም ሳይነጣጠል እንደ አንድ ቃል። ከፊቱ ክፍት ቦታ መኖሩን አረጋግጥ። ከዚያ ኤፍ 10ን ተጫን።

ይህ ለውጥ ለዚህች አንድ ማስነሳት ብቻ ነው፣ ምንም ነገር ላይ አይጻፍም። ብትሳሳት እንኳ ሪስታርት ስታደርገው እንደነበረ ነው የምታገኘው።

ከተነሳልህ ችግሩን አግኝተነዋል። ስክሪኑ ትልልቅና ደብዛዛ ሊመስል ይችላል። ብርሃን መቀነስና መጨመር ላይሠራ ይችላል፣ ቪዲዮም ይንቀራፈፋል። ሁሉም የሚጠበቅ ነው። ኖሞድሴት ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ የግራፊክስ ድራይቨሮችን ሁሉ፣ ጤነኛውን የኢንቴሉን ጭምር፣ ነው አፋቸውን የሚያስዘጋው። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ «ተነሳልኝ» ብሎ ቃሉን በቋሚነት ይጽፈውና ለወራት በተንቀራፈፈ ማሽን ይሠራል። ከዚያ ሊኑክስ ቀርፋፋ ነው ይላል።

ባንተ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ እኔ የምመርጠው ሌላ ቃል አለ። ኑቮን ብቻ ነጥሎ የሚያስቀረው ነው። በኖሞድሴት ፋንታ «ኑቮ ነጥብ ሞድሴት እኩል ይሆናል ዜሮ» ትላለህ። ኑቮ የሚጻፈው ኤን፣ ኦ፣ ዩ፣ ቪ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዩ ተብሎ ነው። ቀጥሎ ነጥብ፣ ከዚያ ሞድሴት፣ ከዚያ የእኩል ይሆናል ምልክትና ቁጥር 0፤ በመካከላቸው ምንም ክፍት ቦታ የለም። በዚህ መንገድ የኢንቴሉ ግራፊክስ እንደወትሮው ይሠራል፣ ስክሪኑም ጥርት ይላል። መጀመሪያ ኖሞድሴትን አስቀደምኩ እንጂ ይህንን ያላስቀደምኩት ያኛው ሰፋ ያለ ስለሆነ ነው፤ ችግሩ ግራፊክስ ነው አይደለም የሚለውን ባንዴ ይለይልሃል።

ትክክለኛውን ድራይቨር መጫን

ከገባህ በኋላ ኢንተርኔት አገናኝ። ዋይፋዩ ካስቸገረህ ስልክህን በገመድ ሰክተህ ኢንተርኔቱን አጋራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ጣጣ ይይዛል። መጀመሪያ ሲስተሙን አፕዴት አድርግ። ከዚያ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ክፈት። ጥቂት ይፈልግና የኤንቪዲያ ድራይቨሮችን ዝርዝር ያመጣል። አንዱ አጠገብ የሚመከረው እሱ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ታያለህ። እሱን ምረጥ። ቁጥሩ ከፍ ያለው ሁሌ የተሻለ ነው ብለህ አታስብ። ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ከቀለለህ «ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል» ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ከኡቡንቱ ቀጥሎ ያለችው ሰረዝ እንዳትረሳ።

ዝርዝሩ ውስጥ ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኦፕን» የሚል ያለባቸውም ልታይ ትችላለህ። ኤንቪዲያ በ2022 የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ክፍት ምንጭ አድርጎ ለቆታል። የሚሠራው ግን ከ2018 ጀምሮ በወጣው የቱሪንግ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ባሉት ካርዶች ላይ ነው። ካርድህ ከዚያ በፊት ከሆነ «ኦፕን» የሚለውን አትንካ።

አንድ ነገር ግን እባክህን አታድርግ። ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ በፋይል አውርደህ አትጫን። ይሠራል፣ እሺ። ግን ለኡቡንቱ የተዘጋጀው ፓኬጅ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር አብሮ ይስተካከላል፤ ከድረ ገጽ ያመጣኸው ብዙ ጊዜ ወደኋላ ይቀራል። አንድ ቀን አፕዴት አድርገህ ሪስታርት ስታደርግ ጥቁር ስክሪን ትቀበላለህ፣ መንስኤውንም አታስታውሰውም።

ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይጫን የሚከለክለው ጥበቃ፣ በርቶ ከሆነ ስትጭን የይለፍ ቃል ፍጠር ሊልህ ይችላል። ይህ ቃል ለአንድ ጊዜ ነው፣ ቀለል ያለ ነገር ጻፍና ያዘው። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ስክሪኑ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ጠብቆ ያልፋል፣ የማያውቀው ሰው ደግሞ ስህተት መስሎት ዝም ይለዋል። «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን ምረጥ፣ ቀጥል በለው፣ አዎ በለው፣ ቃሉን አስገባና ሪስታርት። ካመለጠህ ማሽኑ ድራይቨሩን አላምነውም ብሎ አይጭነውም፤ ድራይቨሩ ተጭኗል ግን አይሠራም የሚል ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ውስጥ ትገባለህ። ሴኪዩር ቡትን ከዩኢኤፍአይ ማጥፋትም መፍትሔ ነው። ግን ዊንዶውስህ ላይ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለ ስታጠፋው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል። ቁልፉን አስቀድመህ ሌላ ቦታ ሳታስቀምጥ አትንካው።

አሁን ምንም ቃል ሳትጨምር አስነሳው። የኤንቪዲያ ድራይቨር ሲጫን ኑቮን ራሱ ያግደዋል፣ ስለዚህ ኖሞድሴትም ሌላውም አያስፈልግህም። እንዲያውም ኖሞድሴት ቢኖር ይጎዳል፤ የኢንቴሉን ግራፊክስ አፍኖ ይይዘዋል። ከገባህ በኋላ ተርሚናል ላይ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ብለህ ጻፍ። የካርድህን ስምና ሙቀት የያዘ ሠንጠረዥ ካመጣ አልቋል፣ ሥራህን ቀጥል።

ካርድህ በጣም አሮጌ ሆኖ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ የኤንቪዲያውን ነገር ተወው። ቅድም ያልኩህን ኑቮን ብቻ የሚያግደውን ቃል ቋሚ አድርገህ በኢንቴሉ ሥራ፤ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለቪዲዮ ይበቃሃል። ቋሚ የሚደረገው «ኢቲሲ» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ዲፎልት» ውስጥ ያለውን «ግራብ» የሚባል ፋይል በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ከፍተህ ነው። «ኳየት ስፕላሽ» የሚሉት ቃላት እዚያም አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ፣ ጥቅሱ ከመዘጋቱ በፊት፣ ቃሉን ጨምረህ አስቀምጥና «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» በል። ይህን ትዕዛዝ ካላልክ ፋይሉን ማስተካከልህ ብቻውን ምንም አይለውጥም።

ይህን የሚያነብና የኤኤምዲ ወይም የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ያለው ሰው ካለ፣ ለእሱ የሚወርድ ድራይቨር የለም፤ ከርነሉ ውስጥ አለ። ኖሞድሴት ካስነሳለት ብዙ ጊዜ ካርዱ ከከርነሉ ይልቅ አዲስ ነው ማለት ነው። በዚያው ገብቶ ሲስተሙን አፕዴት ያድርግ፣ ወይም አዲሱን የኡቡንቱ ዕትም ይጫን። ይህ ፎርማት ማድረግ ትርጉም ከሚኖረው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

ኖሞድሴት ካላስነሳው

ያኔ ግራፊክስ ብቻ ላይሆን ይችላል። ኳየት ስፕላሽን ስላጠፋኸው ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ እየወረደ ይቆማል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች በስልክህ ፎቶ አንሳ። በቀይ የተጻፈው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ ጤነኛ ማሽንም ሲነሳ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ወሳኙ የቆመበት ቦታ ነው።

«ኤ ስታርት ጆብ ኢዝ ራኒንግ» የሚልና ሰከንድ የሚቆጥር መስመር ካየህ አልቆመም፣ እየጠበቀ ነው። ሲስተምዲ የማይገኝ ነገር ሲፈልግ እንደ ልማዱ 90 ሰከንድ ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የሌለ ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስክ ክፍልፋይ፣ ነው። ደጋግሞ የጫነ ሰው ላይ ይህ ይከሰታል፤ ፓርቲሽን ፎርማት ሲደረግ መለያ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ሲነሳ የሚከፈቱትን ፓርቲሽኖች የሚዘረዝረው «ኤፍኤስታብ» የሚባለው ፋይል ግን አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ተነስቶ ከገባህ በኋላ ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች በ«ሱዶ ቢኤልኬአይዲ» እያቸውና ፋይሉን አስተካክል።

«ኢኒትራምኤፍኤስ» በሚል ቃል የሚጀምር ቦታ ላይ ከጣለህ ደግሞ የፋይል ሲስተሙ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ በማብሪያው ቁልፍ ደጋግመህ ስላጠፋኸው። መልእክቱ ራሱ የፓርቲሽኑን ስም ይነግርሃል። «ኤፍኤስሲኬ ሰረዝ ዋይ» ብለህ ስሙን ከኋላው ጻፍና ይጠግን።

ኤሲፒአይን አጥፋ የሚል ምክር ማግኘትህ አይቀርም። እኔ አልወደውም። ኃይልን፣ ባትሪን፣ ማራገቢያን የሚያስተዳድረውን ክፍል ነው ሙሉ በሙሉ የምትዘጋው። አዳዲስ ላፕቶፖች ያለ እሱ ከነጭራሹ ላይነሱ ይችላሉ፣ የተነሱትም ባትሪያቸውን አያሳዩም። ለመመርመር አንዴ ሞክረው፣ ቋሚ አታድርገው። ከዚያ በፊት የቦርዱን ሶፍትዌር አፕዴት ማድረግ ይሻላል። ዊንዶውስህ ስለሚሠራ ከዚያው ሆነህ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርደህ ማድረግ ትችላለህ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ይሁን፣ መካከል ላይም እንዳታቋርጠው።

ሰዎች ሰባት ስምንት ቃል ደርድረው «ይህን ለጥፍ፣ ለእኔ ሠርቶልኛል» ሲሉህም አትለጥፍ። አንድ ቃል ጨምር፣ አስነሳ፣ እይ። ካልረዳ አውጣውና ሌላውን ሞክር። አለበለዚያ የቱ እንደረዳህና የቱ አዲስ ችግር እንዳመጣ መለየት አትችልም።

እስከዚያው ስታክ ሲያደርግ የማብሪያውን ቁልፍ ከመያዝህ በፊት ይህን ሞክር። ኦልትንና ፕሪንት ስክሪንን ይዘህ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ የሚሉትን ፊደላት ቀስ እያልክ በየተራ ተጫን። ኤስ ያልተጻፈውን ዲስኩ ላይ ያስጽፋል፣ ዩ ዲስኩን ከመጻፍ ይቆልፈዋል፣ ቢ ሪስታርት ያደርገዋል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የሚለውንም አብረህ መያዝ አለብህ። ከርነሉ ከደረቀ አይሰማህም፤ ያኔ ሌላ ምርጫ የለህም፣ በቁልፉ አጥፋው።

ይህን ሁሉ ሞክረህ ካልሆነ ተመልሰህ ጻፍልኝ። የካርድህን ሞዴል፣ የኡቡንቱህን ዕትም፣ የካፕስ ሎክ መብራት ምን እንዳደረገና የመጨረሻዎቹን መስመሮች ፎቶ ላክ። በኖሞድሴት መግባት ከቻልክ ግን ድራይቨሩ እምቢ ካለህ፣ ስታክ ካደረገበት ሙከራ ቀጥለህ ስትገባ «ጆርናልሲቲኤል» ብለህ፣ ክፍት ቦታ እየተውክ ሰረዝ ቢ፣ ሰረዝ 1፣ ሰረዝ ፒ፣ ቁጥር 3 ጨምርበት። ያለፈውን ሙከራ ስህተቶች ብቻ ነቅሶ ያወጣልሃል። እሱን ከፎቶው ጋር አያይዘው።